«ስኬሪ» ምን ማለት ነው? መቼስ እንጠቀምበታለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የሚማሩ ሰዎች ስለ «ስኬሪ» እና ስለ ዘመዶቹ ደጋግመው የሚጠይቁትን፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበድ ያለው እየሄድን እንመልሳለን።

«ስኬሪ» በአማርኛ ምን ማለት ነው?

አስፈሪ፣ የሚያስፈራ። ፍርሃት የሚያሳድርብን ነገር ሁሉ «ስኬሪ» ሊባል ይችላል። ጨለማ ደረጃ፣ የሚያጉረመርም ውሻ፣ ገደል አፋፍ፣ በውድቅት ሌሊት የሚንኳኳ በር። ቃሉ ቅጽል ነው። ከስም በፊት ይመጣል፦ «ኤ ስኬሪ ስቶሪ»፣ አስፈሪ ታሪክ። ከግሥ በኋላም ይመጣል፦ «ዘ ስቶሪ ኢዝ ስኬሪ»፣ ታሪኩ ያስፈራል።

እዚህ ላይ ገና ከመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። እኛ «ያስፈራል» ብለን በአንድ ቃል ዐረፍተ ነገሩን እንዘጋለን። ባለቤቱ ግሡ ውስጥ አለና ሌላ አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ለብቻው ይፈልጋል። ስለዚህ «ኢትስ ስኬሪ» ነው የሚባለው። «ኢዝ ስኬሪ» ብሎ መጀመር ጆሮ ላይ ጎደሎ ሆኖ ይሰማል።

እንዴት ይጻፋል? ሲነበብስ?

በአምስት ፊደል ነው፦ ኤስ፣ ሲ፣ ኤ፣ አር፣ ዋይ። «አር» አንድ ብቻ ናት። ሁለት ካደረጋችኋት ንባቡ ወደ «ስካሪ» ይሄዳል፤ ትርጉሙም ጠባሳ የበዛበት ማለት ይሆናል። «ስካር» ጠባሳ ነው፣ «ስኬር» ደግሞ ማስፈራት። በጽሑፍ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባለችው «ኢ» ፊደል ብቻ ነው፤ ድምፃቸው ግን በጣም ይራራቃል።

አሜሪካኖች «ስኬሪ» ይሉታል፣ እኛ በፊደላችን እንደጻፍነው ማለት ይቻላል። እንግሊዞች መሃሉን ትንሽ ይስቡታል፤ «ስኬአሪ» ለማለት ይቀርባል። የትኛውንም ብትመርጡ ትክክል ነው።

«ስኬሪ» እና «ስኬርድ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱም አማርኛችን ውስጥ ተቀምጧል። «አስፈሪ» እና «የፈራ» አንድ ናቸው? አይደሉም። አንበሳው አስፈሪ ነው፣ ልጁ የፈራ ነው። «ስኬሪ» አንበሳው ነው። «ስኬርድ» ልጁ ነው። ፍርሃቱን የሚሰጠው «ስኬሪ»፣ ፍርሃቱን የሚቀበለው «ስኬርድ»።

ስለዚህ ፈርታችሁ «አይ አም ስኬሪ» ካላችሁ፣ «እኔ አስፈሪ ነኝ» እያላችሁ ነው። ሰሚው ከሁኔታው ይረዳችኋል፣ ግን ያላችሁት ሌላ ነው። «አይ አም ስኬርድ» በሉ። ግራ ሲገባችሁ ዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ በሉት። አፋችሁ ላይ «ያስፈራል» ከመጣ «ስኬሪ»፣ «ፈራሁ» ወይም «ፈርቷል» ከመጣ «ስኬርድ»። ይህ መንገድ ከማንኛውም የሰዋስው ሕግ በፊት ያደርሳችኋል።

ግራ የሚያጋባው ለምን እንደሆነም ልናገር። ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ጥንዶች ሥርዓት አላቸው። «ቦሪንግ» እና «ቦርድ»፣ «ኮንፊውዚንግ» እና «ኮንፊውዝድ»፣ «ፍራይትኒንግ» እና «ፍራይትንድ»። አንዱ በ«ኢንግ» ሌላው በ«ድ» ያልቃል። በዚህ ሥርዓት ቢሆን ቃሉ «ስኬሪንግ» ይሆን ነበር። ሆኖም እንግሊዝኛ እንደ ቅጽል የሚጠቀመው «ስኬሪ»ን ነው። ጎበዝ ተማሪዎች ጭምር «ስኬሪንግ» የሚሉት ሥርዓቱን ተከትለው ነው። ቃሉ ከሥርዓቱ የወጣ ስለሆነ እንዲሁ መልመድ ነው የሚሻለው።

«ፈሪ» ለማለትስ «ስኬርድ» ይሆናል?

አይሆንም። «ስኬርድ» የአሁን ስሜት ነው። ጀግናም «ስኬርድ» ይሆናል። «ፈሪ» ግን የጠባይ ስም ነው። ለዚያ «ካዋርድ» የሚል ስም አለ፣ ግን ስድብ ነው፤ ተጠንቀቁ። ለስለስ ማድረግ ከፈለጋችሁ «ቲሚድ» አለ፤ ዓይን አፋር፣ ድፍረት የሌለው እንደማለት። «ሂ ስኬርስ ኢዝሊ» ማለትም ይቻላል። ቶሎ ይፈራል ነው፣ ማንንም አይሰድብም።

ከ«ስኬርድ» በኋላ የትኛው መስተዋድድ ይመጣል?

የምትፈሩትን ነገር ለመናገር «ኦፍ» ነው። «ሺ ኢዝ ስኬርድ ኦፍ ዶግስ»፣ ውሻ ትፈራለች። «ፍሮም» አይደለም። በአማርኛ «ውሻ እፈራለሁ» ስለምንል «አይ ፊር ዶግስ» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ለዕለታዊ ወሬ ግን ደረቅ ያለ፣ የመጽሐፍ ቋንቋ ይሆናል።

«ፎር» ሲመጣ ትርጉሙ ይለወጣል፤ እዚህ ላይ አማርኛ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ይሠራል። «አይ አም ስኬርድ ኦፍ ሂም» ፈራሁት ነው። «አይ አም ስኬርድ ፎር ሂም» ፈራሁለት ነው። እኛ በ«ለ» የምንሠራውን እነሱ በ«ፎር» ይሠሩታል። ይህን ያየ ተማሪ ሁለተኛ አይሳሳትም።

ቀጣዩ ረቀቅ ይላል። «ስኬርድ ቱ ጃምፕ» መዝለል ፈራሁ፣ አልደፈርኩም ነው። «ስኬርድ ኦፍ ፎሊንግ» ደግሞ እንዳልወድቅ ፈራሁ ነው። ራሳችሁ ልታደርጉት ለፈራችሁት «ቱ»፣ ሳትፈልጉት ሊደርስባችሁ ለሚችለው «ኦፍ» ይስማማል።

ሲነጻጸር እንዴት ይሆናል?

«ስኬሪየር» የበለጠ አስፈሪ፣ «ስኬሪየስት» ከሁሉ አስፈሪ። ሲጻፍ «ዋይ» ወደ «አይ» ፊደል ይለወጣል። «ፍራይትኒንግ» ግን ረጅም ስለሆነ «ሞር» እና «ሞስት» ይቀድሙታል።

«አፍሬድ» እና «ስኬርድ» አንድ ናቸው?

በትርጉም በጣም ይቀራረባሉ። በቦታ ግን ይለያያሉ። «አፍሬድ» ከስም በፊት አይቆምም። «ዘ ቻይልድ ኢዝ አፍሬድ» ይባላል፣ «አን አፍሬድ ቻይልድ» አይባልም። የፈራ ልጅ ለማለት «ኤ ስኬርድ ቻይልድ» ወይም «ኤ ፍራይትንድ ቻይልድ» በሉ።

ደግሞም «አይ አም አፍሬድ» ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም። ስልክ ደውላችሁ ሰው ብትጠይቁና «አይ አም አፍሬድ ሂ ኢዝ ኖት ሂር» ብትባሉ፣ ማንም አልፈራም። «ይቅርታ፣ የለም» ማለት ነው። መጥፎ ዜናን በትሕትና የማለዘቢያ መንገድ ነው። «ስኬርድ» ይህን ሥራ አይሠራም።

«ስኬሪ» አደገኛ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህን መለየት ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ሐሳባችሁንም ያጠራላችኋል። «ዴንጀረስ» ስለ ነገሩ ነው፤ ጉዳት ያደርሳል ወይ? «ስኬሪ» ስለ እኛ ነው፤ ሲያዩት ያስፈራል ወይ? አውሮፕላን ለብዙ ሰው «ስኬሪ» ነው። ግን ከመኪና ጉዞ የበለጠ «ዴንጀረስ» አይደለም። ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ደግሞ በጣም «ዴንጀረስ» ነው። አይታይምና ማንንም አያስፈራም።

አማርኛ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። በከተማ ወሬ «አደገኛ ልጅ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ ማድነቃችን ነው። ጎበዝ፣ የማይቻል ማለታችን ነው። ይህን ቀጥታ ወስዳችሁ «ሂ ኢዝ ዴንጀረስ» ብትሉ ሰው ይሸሸዋል። በእንግሊዝኛ ያ ዐረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ ነው።

«ስኬሪ»፣ «ፍራይትኒንግ»፣ «ቴሪፋይንግ»፣ «ሆሪፋይንግ»፤ የትኛው ይበልጣል?

«ስኬሪ» እና «ፍራይትኒንግ» በጉልበት አይራራቁም። የሚለያቸው ልብሳቸው ነው። «ስኬሪ» የቤት ቃል ነው፣ ልጅም አዋቂም ይለዋል። «ፍራይትኒንግ» ቁምነገር ይበዛበታል። አንድ ሐኪም ስለ በሽታ ምልክት ሲያስረዳ፣ ወይም ጋዜጠኛ ስለ አደጋ ሲጽፍ፣ «ፍራይትኒንግ» ይመርጣል።

«ቴሪፋይንግ» ከሁለቱም ያይላል። የሚያርበደብድ፣ ብርክ የሚያስይዝ ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ እሳት ወደ ቤታችሁ ሲገሰግስ «ቴሪፋይንግ» ነው። ፍርሃቱ ከፊት ለፊት እየመጣ ነው፣ ገና አልደረሰም። «ሆሪፋይንግ» ከዚህ በመጠን ብቻ አይደለም የሚለየው፤ ዓይነቱም ሌላ ነው። ለዚህ አማርኛ «ዘግናኝ»፣ «ሰቅጣጭ» የሚሉ ግሩም ቃላት አሉት። የተፈጸመ ግፍ፣ የደረሰ የመኪና አደጋ ስናይ «ሆሪፋይንግ» እንላለን። ለራሳችን ላንፈራ እንችላለን። የሚሰቀጥጠን ያየነው ነገር ነው።

እኔ ለተማሪ የምመክረው አንድ ነገር ነው። «ቴሪፋይንግ»ን ለትንሽ ነገር አታባክኑት። ፈተናውም፣ በረሮውም፣ ጦርነቱም «ቴሪፋይንግ» ከሆነ ቃሉ ምንም አይነግርም። ለትንሹ «ኤ ቢት ስኬሪ» ይበቃል፤ ትንሽ ያስፈራል ነው።

«ቬሪ ቴሪፋይንግ» ማለት ልክ ነው?

ሰው ይረዳችኋል፤ ጥሩ እንግሊዝኛ ግን አይደለም። «ስኬሪ» ደረጃ አለው፦ ትንሽ፣ መጠነኛ፣ በጣም። ስለዚህ «ቬሪ ስኬሪ» ይባላል። «ቴሪፋይንግ» ግን ጫፉ ላይ የደረሰ ቃል ነው። በጣምነቱ ውስጡ አለ። ማጠናከር ከፈለጋችሁ «አብሶሉትሊ ቴሪፋይንግ» በሉ። «ሆሪፋይንግ»ም እንደዚሁ ነው።

«ክሪፒ»፣ «ስፑኪ» እና «ኢሪ» ከ«ስኬሪ» በምን ይለያሉ?

ሦስቱም ከፍርሃት ቤት ናቸው፣ ግን አደጋው በግልጽ አይታይም። አንበሳ «ስኬሪ» ነው፣ «ክሪፒ» ግን አይደለም። ምን እንደሚያደርግ ይታወቃላ! የትም ብትሄዱ ዓይኗ የሚከተላችሁ የምትመስል አሻንጉሊት ግን «ክሪፒ» ናት። ምን እንደምታደርግ አይታወቅም፤ ምንም ላታደርግም ትችላለች። ቃሉ «ክሪፕ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ መሳብ፣ መዳህ ማለት ነው። ቆዳችሁ ላይ አንዳች ነገር ሲሄድ የሚሰማችሁን ስሜት ያስታውሳል። በአማርኛ «ቀፈፈኝ» ይቀርበዋል። ሰውን «ክሪፒ» ማለት ከባድ ነው። አፍጥጦ የሚያይ፣ ድንበር የሚያልፍ፣ በተለይ ሴቶችን የሚያስጨንቅ ሰው ማለት ነው። በዋዛ አይወረወርም።

«ስፑኪ» ከመንፈስ ጋር የተያያዘ ነው። ሥሩ «ስፑክ» ነው፣ መንፈስ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከደች ቋንቋ ነው። ቀለል ያለ፣ አንዳንዴም ደስ የሚል ፍርሃት ነው። የልጆች የመናፍስት ተረት «ስፑኪ» ይባላል። ቃሉ ሳይንስ ውስጥም ገብቷል። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1947 ለፊዚክስ ሊቁ ለማክስ ቦርን በጀርመንኛ በጻፈው ደብዳቤ፣ ተራርቀው ያሉ ቅንጣቶች በቅጽበት ይነካካሉ የሚለውን ሐሳብ እንደ መንፈስ ሥራ ቆጥሮ ተቃውሞታል። ተርጓሚዎች ለዚያ የመረጡት ቃል «ስፑኪ» ነው። አንስታይን ፈርቶ አልነበረም። ሐሳቡ ለፊዚክስ አይመጥንም ማለቱ ነበር።

«ኢሪ» ለእኔ ከሦስቱ ውቡ ነው። ጭር ያለ ቦታ ስሜት ነው። ሰው ሊኖርበት ሲገባ ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት፣ ወፍ የማይጮህበት ጫካ። ማንም አላስፈራራችሁም፣ ግን እግራችሁ ፈጠን ይላል። «ኤን ኢሪ ሳይለንስ» ሲባል ዝምታው ራሱ ያስፈራል ማለት ነው።

አስፈሪ ፊልም «ስኬሪ ሙቪ» ነው ወይስ «ሆረር»?

ሁለቱም ይባላል። «ሆረር» የዘርፉ ስም ነው፣ እንደ ኮሜዲና ድራማ። «ስኬሪ» ደግሞ የተመልካቹ ስሜት ነው። አንድ ፊልም ዘርፉ «ሆረር» ሆኖ «ስኬሪ» ላይሆን ይችላል፤ አላስፈራም ማለት ነው። በድንገት ጮኾ ወይም ብቅ ብሎ የሚያስደነግጠው ትዕይንት «ጃምፕ ስኬር» ይባላል።

«ሆረር» ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ የጸጉርን መቆም ይገልጻል። እኛም «ጸጉሬ ቆመ» እንላለን፤ ቋንቋዎቹ ሳይነጋገሩ አንድ ሰውነት ላይ ተገናኝተዋል።

በድርሰትና በሥራ ጽሑፍ «ስኬሪ» መጠቀም ይቻላል?

አይከለከልም፣ ግን አይመከርም። ለጥናታዊ ጽሑፍ፣ ለሪፖርትና ለፈተና ድርሰት የወሬ ቃል ነው። ቁጥር ወይም ዜና ካሳሰባችሁ «አላርሚንግ» ይሻላል። «ኤን አላርሚንግ ራይዝ» ሲባል የሚያሳስብ ጭማሪ ነው። ከባድ ሥራ ከፊታችሁ ተደቅኖ ከከበዳችሁ «ዶንቲንግ» አለ፤ ገና ሳትጀምሩት ወኔ የሚሰልብ ነገር ነው። ፊቱ የሚያስፈራ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ መናገር የሚከብድ አለቃ ወይም ጠያቂ ከሆነ ደግሞ «ኢንቲሚዴቲንግ» ይባላል።

«ማይ ቲቸር ኢዝ ስኬሪ» የሚል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የመጨረሻውን ማለቱ ነው። መምህሩ ኮስታራ ነው እንጂ ክፉ ነው ማለቱ አይደለም።

«አስደነገጥከኝ» እና «አስፈራራኝ» በ«ስኬር» ይገለጻሉ?

አንዱ አዎ፣ አንዱ አይደለም። አማርኛ ፍርሃትንና ድንጋጤን ይለያል። እንግሊዝኛ «ስኬር» የሚለውን ግሥ ለሁለቱም ይጠቀምበታል። አንድ ሰው ከኋላችሁ ድንገት ሲነካችሁ «ዩ ስኬርድ ሚ!» ትላላችሁ። ይህ «አስፈራኸኝ» ሳይሆን «አስደነገጥከኝ» ነው። ድንጋጤው ለቅጽበት ብቻ ከሆነና በትክክል መለየት ከፈለጋችሁ «ስታርትል» የሚል ግሥ አለ።

«አስፈራራኝ» ግን ሌላ ነው። «እንዲህ ባታደርግ ዋ!» ብሎ መዛት «ስሬትን» ነው፣ ማስፈራሪያውም «ስሬት»። ፖሊስ ጋር ሄዳችሁ «ሂ ስኬርድ ሚ» ካላችሁ፣ ሰውዬው አስደነገጠኝ ወይም ፈራሁት ብቻ ነው ያላችሁት። ዛቻ መኖሩን አልተናገራችሁም። «ሂ ስሬትንድ ሚ» ብትሉ ግን ብዙ አገሮች ውስጥ ወንጀል ሊሆን የሚችል ነገር ነው የተናገራችሁት። በዚህ ጥያቄ ላይ የምቆየው ለዚህ ነው። ሌላው ስህተት ጆሮ ይከረክራል፤ ይሄኛው ግን ሰውን ያለ ጥበቃ ሊያስቀር ይችላል።

በጣም መፍራትን የሚገልጹ ዘይቤዎች የትኞቹ ናቸው?

«ስኬርድ ስቲፍ» ክው ብሎ መድረቅ ነው። «ፔትሪፋይድ» እዚያው ቤት ነው፤ ሥሩ በግሪክ ድንጋይ ማለት ነው፣ ከፍርሃት የተነሳ ድንጋይ መሆን። «ስኬርድ ቱ ዴዝ» በፍርሃት መሞት ነው፣ ግን ማንም አልሞተም፤ ማጋነኛ ነው። «ሄር-ሬይዚንግ» ቀድሞ ያየነው ጸጉር የሚያቆመው ነው። የእኛን «ሐሞቴ ፈሰሰ» ግን ቃል በቃል አትውሰዱት። የምትነግሩት ሰው ሐኪም ሊጠራላችሁ ይችላል። ለሱ «አይ ሎስት ማይ ነርቭ» ይቀርባል፤ ወኔ ከዳኝ ነው።

«ስኬሪ ጉድ» ሲባል ሰምቻለሁ። ጥሩም አስፈሪም ይሆናል እንዴ?

ይሆናል። የወሬ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ሰው ችሎታው ከመጠን ሲያልፍ፣ እንዴት ቻለው ብላችሁ ስትደነግጡ የሚባል ነው። «ሺ ኢዝ ስኬሪ ስማርት»፣ ብልህነቷ ያስፈራል። እኛም እንደዚሁ «ችሎታው ያስፈራል» እንላለን። በጽሑፍ ከሆነ «ስኬሪሊ» የሚለውን ተውሳከ ግሥ ተጠቀሙ፦ «ስኬሪሊ አኩሬት»፣ የሚያስፈራ ትክክለኛነት ያለው።

«ስኬሪ» ራሱ «ፈሪ» ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ቀድሞ የጠቀስኩትን ልዩነት የሚያፈርስ ስለሚመስል ወደኋላ አቆየሁት። በአንዳንድ አካባቢ አነጋገርና በድሮ ጽሑፎች «ኤ ስኬሪ ሆርስ» ሲባል ቶሎ የሚደነብር ፈረስ ነው። መዝገበ ቃላትም ይህን ትርጉም ይዘውታል። ሥሩን ካያችሁ አያስገርምም። «ስኬር» የመጣው የስካንዲኔቪያ ሰዎች ይናገሩት ከነበረው ከድሮው የኖርስ ቋንቋ ሲሆን፣ ከዚያው ቤተሰብ ያለው ቅጽል «ዓይን አፋር፣ ደንባሪ» ማለት ነበር። ስታነቡ እወቁት። ስትናገሩ አትጠቀሙበት።

«ቴሪብል» መጥፎ፣ «ቴሪፊክ» ግሩም። ሥርወ ቃላቸው አንድ ሆኖ እንዴት ተለያዩ?

ሁለቱም ከላቲን ናቸው፣ ማስፈራት ከሚል ግሥ። ሁለቱም መጀመሪያ «አስፈሪ» ማለት ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ቴሪፊክ» የሚለውን ያነበበ ሰው ይርድ ነበር። «ቴሪብል» ቀስ በቀስ ወደ «በጣም መጥፎ» ወረደ። «ቴሪፊክ» መጀመሪያ «ከመጠን ያለፈ ታላቅ» ሆነ፣ ከዚያ «ድንቅ» ሆነ። «ኦፉል» እና «ኦሰም»ም በዚሁ መንገድ ተለያይተዋል። የሁለቱም ሥር «ኦ» ነው፣ ከአክብሮት ጋር የተቀላቀለ ፍርሃት። ዛሬ አንዱ አስቀያሚ፣ ሌላው ምርጥ ማለት ነው።

ይህን ካላወቅን ታሪክን በስህተት እናነባለን። እ.ኤ.አ. በ1547 ዘውድ የጫነውን የሩሲያ ንጉሥ ኢቫን 4ኛን እንግሊዞች «ኢቫን ዘ ቴሪብል» ይሉታል። የዛሬ አንባቢ «መጥፎው ኢቫን» ብሎ ያስባል። የሩሲያኛው ቅጽል «ግሮዝኒ» ግን የሚያስፈራ፣ የሚያርድ፣ ግርማው የከበደ ማለት ነው። ጭካኔው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ስሙ ግን ስድብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም አምላክን «ቴሪብል» ይለዋል። የሚያስፈራ፣ የተፈራ ማለቱ ነው።

እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ፤ በእኛም ቤት ሆኗል። ዛሬ «ግሩም ምግብ»፣ «ግሩም ሥራ» እንላለን። በግእዝ «ግሩም» የሚያስፈራም የሚያስደንቅም ነው። «ግርማ»ም ከዚያው ሥር ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ «ግርማ ሌሊት» ሲባል የሌሊት ውበት አይደለም። የሌሊት ፍርሃት ነው፤ እንግሊዝኛው እዚያው ቦታ ላይ «ቴረር» ይላል። ግሩም የሄደበትን መንገድ የተከተለ ሰው «ኦሰም»ን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። አስፈሪውና አስደናቂው ድሮ አንድ ስሜት ነበሩ፤ ሰዎች ኋላ ለያዩአቸው።

እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው «ስኬርድ ኦፍ ጎድ» ይባላል?

አይባልም። «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» ስንል ሰውየውን ማመስገናችን ነው። በሥነ ምግባር የሚኖር፣ ግፍ የማይሠራ ማለታችን ነው። «ስኬርድ ኦፍ ጎድ» ስትሉት ግን ከእግዚአብሔር የሚሸሸግ፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይሆናል። ትክክለኛው «ጎድ-ፊሪንግ» ነው። ከስም በፊት ይገባል፦ «ኤ ጎድ-ፊሪንግ ማን»።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአማርኛው «ፈራ» ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ ከአውሬ መሸሽ፣ ሌላው ለታላቅ መታዘዝ። «አባቱን ይፈራል» ስንል ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው አነጋገሩና ሁኔታው ነው። «ስኬርድ» የሚሸከመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለ አንድ ልጅ «ሂ ኢዝ ስኬርድ ኦፍ ሂዝ ፋዘር» ብትሉ፣ ሰሚው አባትየው ይመታዋል ወይ ብሎ ይጨነቃል። ያሰባችሁት አክብሮት ከሆነ «ሂ ሪስፔክትስ ሂዝ ፋዘር» በሉ። ሁለቱም ካሉበት፣ «የተፈራና የተከበረ» እንደምንለው፣ ሁለቱን ቃላት አብራችሁ አስቀምጡ፦ «ፊርድ ኤንድ ሪስፔክትድ»። አንዱ ብቻውን የሌላውን ሥራ አይሠራም።